ምዕራፍ 6፦ ጥቁሩ ሰንበርና የከፋ ቡና

በከፋዋ ቦንጋ ከተማ ቡና ተቆልቶ በእንግዶች ፊት ሲዞር ሰው ሁሉ ጢሱን በእጁ ወደ አፍንጫው ይስባል። አቦሉ ተቀድቶ ሲኒ ሲታደል ደግሞ እጁን ይዘረጋል። የነርቭ ሐኪም እዚያ መሀል ቢቀመጥ ማንንም ሳይጠይቅ ብዙ ነገር ማየት ይችላል።

አንድ አባት ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ አርፎ ሳለ ይንቀጠቀጣል፤ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ያለማቋረጥ ይተሻሻሉ። ሲኒውን ሊቀበሉ እጃቸው ሲነሳ ግን መንቀጥቀጡ ይበርዳል፤ አንዳንዴም ለጊዜው ጨርሶ ይጠፋል። ከአጠገባቸው ያሉት እናት ነገር ተቃራኒ ነው። እጆቻቸው ጭናቸው ላይ ጸጥ ብለው ይቆዩና ሲኒው ወደ ከንፈር ሲቃረብ ይርገፈገፋሉ፤ ቡናው ይፈሳል። ቤተሰቡ ለሁለቱም የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ «እርጅና ነው»።

የእናትየው ችግር ሐኪሞች ኢሴንሻል ትሬመር የሚሉት ነው። ብዙ ጊዜ በዘር ይሄዳል፣ ሁለቱንም እጅ ይይዛል፣ እጅ ሥራ ሲጀምር ይብሳል። ጥቂት ጠጅ ሲቀመስ ለጊዜው ጋብ ማለቱ ከመለያዎቹ አንዱ ስለሆነ፣ የማር አገር በሆነችው ከፋ ሐኪሙ «ጠጅ ሲጠጡስ እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም። ጠጅ ማዘዙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ማንም አያዝም።

የአባትየው መንቀጥቀጥ ግን ከአንድ ወገን ጀምሯል። ሲራመዱ ያው እጅ እንደ ሌላኛው አይወዛወዝም። ፊታቸው ሳቅም ቁጣም ማሳየት አቁሟል፤ ልጆቻቸው «ኩርፍ ብለዋል» ይላሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፣ ፊርማቸው እያደር ደቋል፣ ከወንበር መነሳት ሥራ ሆኖባቸዋል። ይህ የፓርኪንሰን ሕመም መልክ ነው። እንዲያውም ነገሩ የጀመረው እጃቸው ከመንቀጥቀጡ በፊት ሊሆን ይችላል። በብዙ ታማሚዎች ላይ ሽታ መለየት አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ እንቅልፍ ላይ በሕልም መጮህና መማታት ከእንቅስቃሴው ችግር ዓመታት ይቀድማሉ። የሚዞረውን የቡና ጢስ እንደ ደንቡ ወደ አፍንጫው እየሳበ ምንም የማይሸተው ሰው፣ ሌላው እንዳያውቅበት «እሰይ፣ እንዴት ይሸታል!» ብሎ ያልፋል። ሽታ የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ጉንፋንም ያጠፋዋል። ሆኖም ቡና በቀን ሦስት ጊዜ በሚቆላበት አገር ይህ ምልክት እንዲህ ተሰውሮ መኖሩ ይገርመኛል።

አንጎል ባብዛኛው ግራጫና ነጣ ያለ ነው። ከኅብለ ሰረሰር ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣው የአንጎል ግንድ ጫፍ አጠገብ፣ መካከለኛው አንጎል በሚባለው ቦታ በአግድም ሲቆረጥ ግን በግራና በቀኝ በዓይን የሚታይ ጥቁር ሰንበር ይወጣል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፌሊክስ ቪክ ዳዚር በ1786 ጻፈለት (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ሳይንሱም በላቲን ሰብስታንሺያ ናይግራ ብሎ ያዘው። እንግሊዛዊው ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 ስለሚንቀጠቀጡ ሕሙማን ትንሿን መጽሐፉን ሲያሳትም ግን ችግሩ የት እንደተቀመጠ አያውቅም ነበር።

የመጀመሪያውን ፍንጭ የሰጠው በሽታ የእኛም የቆየ ጠላት ነው፤ ሳንባ ነቀርሳ። በ1893 ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሎክና ዦርዥ ማሪኔስኮ የአንድ ነቀርሳ ታማሚ አስከሬን ይመረምራሉ። ሰውየው ከመሞቱ በፊት ግራ ጎኑ ብቻ ልክ እንደ ፓርኪንሰን ይንቀጠቀጥ ነበር። አንጎሉ ሲከፈት ነቀርሳው አብጦ የቀኙን ጥቁር ሰንበር አጥፍቶት ተገኘ። የቀኝ አንጎል የግራን አካል ያዛልና ነገሩ ገጠመ። ከዚያ በ1919 ኮንስታንቲን ትሬቲያኮፍ የተባለ ወጣት ሐኪም እዚያው ፓሪስ ለመመረቂያ ጽሑፉ የፓርኪንሰን ሕሙማንን አንጎሎች ተራ በተራ መርምሮ ሰንበሩ ገርጥቶ፣ ጥቁሮቹ ሴሎች ሳስተው አገኛቸው። ታላላቆቹ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት አላመኑትም።

እነዚህ ሴሎች በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ በሁለቱም ወገን ተደምረው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ። በመቶ ቢሊዮን አጠገብ የነርቭ ሴል ባለበት አንጎል ውስጥ ይህ ከምንም አይቆጠርም። የእያንዳንዷ ሥራ ግን ከባድ ነው። የአንዷ ሴል ቅርንጫፎች ርዝመታቸው ሲደመር ከ4 ሜትር እንደሚበልጥ፣ ከሌሎች ሴሎች ጋር የምትገናኝባቸው ነጥቦችም ከአንድ ሚሊዮን እንደሚያልፉ ተገምቷል። በእነዚያ ነጥቦች ሁሉ ዶፓሚን የተባለውን ቅመም ትለቃለች። እጅ ሲነሳ፣ እግር ሲራመድ፣ ፊት ፈገግ ሲል እንቅስቃሴው ሳይንቀራፈፍ እንዲጀመር የሚያደርገው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሸክም የተሸከመ ሴል ኃይሉን የሚያመነጨው ያለ እረፍት ስለሆነ በቀላሉ ይጎዳል። ከሁሉ የሚከፋው ምልክቱ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከሴሎቹ ግማሽ ያህሉ፣ ከሚያደርሱትም ዶፓሚን ከ60 እስከ 80 በመቶው ሄዷል።

ጥቁረቱስ ከየት መጣ? ሕፃን ሲወለድ ሰንበሩ የለም። በሦስት ዓመት ገደማ መታየት ይጀምርና ዕድሜ ልኩን እየጠቆረ ይሄዳል። ቀለሙ ኒውሮሜላኒን ይባላል። ከሥራ የተረፈው ዶፓሚን በሴሉ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር፣ ከብረት ማዕድን ጋር ተጣብቆ የሚከማች ዝቃጭ ነው። ሴሉ የሚያስወግድበት መንገድ የለውም፤ በከረጢት ውስጥ ያኖረዋል።

እዚህ ላይ ጥቁር ሕዝብ በሆንበት አገር ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ግምት ማንሳት አለብኝ። «ጥቁር ስለሆንን ፓርኪንሰን አይነካንም» የሚሉ አሉ፤ ግምቱ በባሕር ማዶ የሕክምና ጽሑፎችም ውስጥ ሲንሸራሸር የኖረ ነው። የቆዳ ቀለምና የአንጎሉ ቀለም በስም ዘመዳሞች ይሁኑ እንጂ አሠራራቸው ለየቅል ነው። ቆዳቸውና ፀጉራቸው ምንም ቀለም የሌላቸው አልቢኖዎች ጥቁሩ ሰንበራቸው እንደ ማንም ሰው ጥቁር ነው። በስዊድናዊና በከፋ ሰው አንጎል መካከል በዚህ በኩል ልዩነት የለም።

ግምቱን ያቆየው ሌላ ነገር አለ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ መጨረሻ በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ሰው የሚያህል ሕዝብ መረመሩ። በ1990 የታተመው ውጤት ፓርኪንሰን ከ100,000 ሰው 7ቱን ብቻ ይዞ እንደተገኘ ያሳያል። በአውሮፓ ቁጥሩ ከ100 በላይ ነው። ልዩነቱ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ፓርኪንሰን ባብዛኛው ከ60 ዓመት በኋላ የሚመጣ ሕመም ነው፣ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ደግሞ ገሚሱ ገደማ 20 ዓመት ያልሞላው ነው። በዚያ ላይ ሕክምና ያላገኘ ታማሚ ፈጥኖ ይሞታል፤ በአንድ ቀን ቆጠራ ላይ አይገኝም። ዕድሜ ሲረዝም ቁጥሩ ይነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ታማሚ እንዳለ ገምቷል።

ኒውሮሜላኒን ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት የሚለው ክርክር እኔን ከሁሉ የሚስበኝ ክፍል ነው። በአንድ በኩል የተበተነ ብረትንና መርዝን አጥምዶ ይይዛል፤ ያ ጥበቃ ነው። በሌላ በኩል ሴሉ ሲሞት ያጠራቀመው ሁሉ ይፈሳል፣ የአንጎል ጽዳት ሴሎች ይረባረቡበታል፣ አካባቢው ይቆጣል፣ ጎረቤት ሴሎችም ይጎዳሉ። በ1988 የወጣ ጥናት በፓርኪንሰን ቀድመው የሚሞቱት ቀለሙን አብዝተው የያዙት ሴሎች መሆናቸውን አሳየ። በ2019 ደግሞ በባርሴሎና ሚኬል ቪላና ባልደረቦቹ ብልህ ሙከራ ሠሩ። አይጦች ይህ ቀለም በዓይን እስኪታይ ድረስ አይጠራቀምባቸውም። ተመራማሪዎቹ ቀለም የሚያመርት የሰው ዘረመል አይጦቹ አንጎል ውስጥ አስገቡ፤ ሰንበሩም ጠቆረ። ቀለሙ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ሴሎቹ ታመሙ፣ አይጦቹም ተንቀራፈፉ። እኔ ከዚህ የምረዳው ቀለሙ በመጠኑ መጠበቂያ፣ ሲበዛ ሸክም መሆኑን ነው። ማናችንም ረጅም ዕድሜ ስንኖር ወደዚያ መጠን እየተጠጋን ነው ማለት ነው፤ አብዛኞቻችን ሳንደርስበት እናልፋለን እንጂ።

አሁን ወደ ከፋ ደን እንግባ። የቦንጋ ሰው ቡና ከእኛ ወጣ ሲል ይዞ የሚከራከርበት ነገር አለው። አረቢካ ቡና ዛሬም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፤ የከፋ ደን በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም ያለው ቦንጋ ነው። የደቡብ ምዕራብ ሕዝብ ፍሬውን ብቻ ሳይሆን ቅጠሉንም በቅመም አፍልቶ ጨሞ ብሎ ይጠጣል፤ ለጋው ቅጠልም ካፌይን አለው።

ቡናና ጥቁሩ ሰንበር በአንድ ዓረፍተ ነገር የገቡት ሐዋይ ውስጥ ነው። የጃፓን ዝርያ ያላቸው 8,004 ወንዶች ለልብ በሽታ ጥናት ተመዝግበው ለ30 ዓመታት ያህል ሲከታተሏቸው ኖረዋል። በ2000 ዌብስተር ሮስና ባልደረቦቹ መዝገቡን ገልብጠው ሲያዩ 102ቱ ፓርኪንሰን ይዟቸዋል፤ ቡና በማይጠጡት ላይ የታየው የሕመሙ መጠን አብዝተው በሚጠጡት ላይ ከታየው አምስት እጥፍ ነበር። በዓመቱ በአሜሪካ የጤና ባለሙያዎችና ነርሶች ላይ የተደረገው ጥናት ለወንዶቹ ተመሳሳይ ውጤት አመጣ። በሴቶቹ በኩል ግን ውጤቱ ይወሳሰባል፤ ከማረጥ በኋላ ኢስትሮጅን መድኃኒት በሚወስዱት ላይ የቡናው ጥቅም ይጠፋል።

ለምን ሊሆን ይችላል? ዶፓሚን የሚደርስባቸው ጥልቅ የአንጎል ክፍሎች ውስጥ እንቅስቃሴን የሚገቱ ሴሎች አሉ። አዴኖሲን የተባለው ቅመም የእነዚህን ሴሎች ልጓም ያጠብቃል፣ ዶፓሚን ያላላዋል። ዶፓሚን ሲያልቅ ልጓሙ እንደጠበቀ ይቀራል። ካፌይን አዴኖሲን የሚቀመጥበትን በር፣ ሳይንቲስቶች ኤ2ኤ የሚሉትን ተቀባይ፣ ቀድሞ ይይዝበታል። እንቅልፍ የሚያባርረውም በዚሁ ጠባዩ ነው። በ2001 አይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ሰው በሚጠጣው ልክ የተሰጠ ካፌይን፣ ዶፓሚን ሴሎችን ለይቶ ከሚገድለው ኤምፒቲፒ ከተባለ መርዝ በከፊል ጠበቃቸው። ያ መርዝ በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተበላሸ ሠራሽ ሄሮይን የወሰዱ ወጣቶችን በቀናት ውስጥ እንደ ፓርኪንሰን ሽማግሌ ያደረቀው ነው።

እዚህ ሲደረስ ቡና ሻጭ ሁሉ «ቡናችን ፓርኪንሰንን ይከላከላል» ብሎ ፓኬቱ ላይ ቢጽፍ አይፈረድበትም። እኔ ግን አልጽፍም። ሕመሙ ከመታወቁ ከብዙ ዓመት በፊት አንጎል ውስጥ ይጀምራል፤ ሽታው የጠፋበት፣ ከነገሮች የሚያገኘው ደስታ የቀነሰበት ሰው ቡናም ሊያስጠላው ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ቡናው ሰውየውን ሳይጠብቀው፣ ሕመሙ ራሱ ከቡና አርቆታል ማለት ነው። ማስረጃው የሚለየው ሰውን መድቦ በመሞከር ነው፤ ውጤቱም ቀዝቃዛ ነበር። የካናዳው ሮናልድ ፖስቱማ በ2012 በ61 ታማሚዎች ላይ ባደረገው አጭር ሙከራ እንቅስቃሴያቸው ጥቂት ተሻሽሎ ታየ። በ2017 ግን 121 ታማሚዎች ተመዝግበው አንዱ ወገን በቀን ሁለት ጊዜ 200 ሚሊግራም ካፌይን ሲወስድ ምንም ለውጥ ስላልታየ ሙከራው ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። ይህ ግን ሕመሙ ከያዘ በኋላ ስለመጠጣት ነው፤ ከመያዙ በፊት ሠላሳ ዓመት ስለመጠጣት የሚናገረው የለም። ከልጅ እስከ ሽማግሌ ሁሉም ቡና በሚጠጣበት እንደ ከፋ ባለ ቦታ ደግሞ ማነጻጸሪያ የሚሆን የማይጠጣ ሰው ማግኘቱ ራሱ ከባድ ነው።

ሐሳቡ ፍሬ ያፈራው በሌላ በኩል ነው። ያንኑ ተቀባይ ከካፌይን ይበልጥ ለይቶ የሚዘጋ ኢስትራዴፊሊን የተባለ መድኃኒት በጃፓን በ2013፣ በአሜሪካ በ2019 ተፈቀደ፤ ከዋናው መድኃኒት ጋር ተደርቦ የሚሰጥ ነው።

ዋናው መድኃኒት ከሌላ የኢትዮጵያ ማዕድ ጋር ይዛመዳል። በ1913 ባዝል ከተማ ማርከስ ጉገንሃይም የተባለ ኬሚስት ከባቄላ ሌቮዶፓ የተባለ ንጥረ ነገር አጣርቶ አወጣ። ሁለት ግራም ተኩል ራሱ ቀመሰና አስመለሰው፤ ጥቅም የለውም ብሎም አስቀመጠው። አርቪድ ካርልሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ ዶፓሚን ራሱን የቻለ የአንጎል መልእክተኛ መሆኑን አሳየ። ኦሌህ ሆርኒኪየቪች በ1960 ቪየና ውስጥ የፓርኪንሰን ሟቾች አንጎል ዶፓሚን እንደጎደለው አረጋገጠ፤ በዓመቱም ከሐኪሙ ቫልተር ቢርክማየር ጋር ያንን የተናቀ ሌቮዶፓ ለታማሚዎች በደም ሥር ሰጡ። አልጋ ላይ የቀሩ ሰዎች ተነስተው ተራመዱ። ጆርጅ ኮትዚያስ በ1967 በአፍ የሚወሰድበትን መንገድ አበጀ። ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል መግባት አይችልም፤ ሌቮዶፓ ግን ይገባና እዚያው ዶፓሚን ይሆናል።

ሌቮዶፓ በብዛት ያለው በእሸት ባቄላና በአረንጓዴ ሽፋኑ እንዲሁም በበቆልት ነው። ደረቁ ባቄላ፣ ማለትም ሽሮ የሚሆነው፣ እምብዛም የለውም። ይህን የሰማ ታማሚ ክኒኑን ትቶ በቆልት መብላት ያምረው ይሆናል። አይሆንም፤ መጠኑ ከማሳ ማሳ፣ ከቀን ቀን ይለያያል፣ አንጎል ደግሞ በሰዓትና በልክ ነው የሚፈልገው። በተፈጥሮ አንድ ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች ደግሞ ባቄላ ደማቸውን ሊያፈርሰው ይችላል።

ክኒኑም ቢሆን ከምግብ ጋር ይጣላል። የፕሮቲን ቅንጣቶች ከሌቮዶፓ ጋር በአንድ በር ለመግባት ስለሚሻሙ፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ወይም አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መውሰድ ይመከራል። ለደም ማነስ የሚታዘዝ የብረት ክኒንም አብሮ አይወሰድም። የከፋ ሰው ምሰሶ ምግብ የሆነው ቆጮ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነውና በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ በጾም ወራት ሽሮና ባቄላ ሲበዛ ግን ሰዓቱን መጠበቅ ግድ ይላል። ቡናውን መተው አያስፈልግም።

ቦንጋ ከጅማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 ነው፤ ከዚያ በፊት በመላ አገሪቱ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ፓርኪንሰን ግን መሣሪያ ጠብቆ የሚታወቅ ሕመም አይደለም። ኤምአርአይ የተባለው የምስል መሣሪያ የሰንበሩን ጥቁር ቀለም ከ2006 ጀምሮ ማሳየት ችሏል፣ ሆኖም ዛሬም በሽታው የሚለየው ሐኪሙ ታማሚውን ሲያናግር፣ ሲያስነሳ፣ ሲያስኬድና እጁን ሲያጥፍ ነው። ይህ በቦንጋው ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታልም፣ ከዚያ ባነሰ ጤና ጣቢያም የሚሠራ ነገር ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ታማሚው የሚወስደው መድኃኒት ነው። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ ለማስመለስ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራማይድ ማለትም ፕላሲል፣ የዶፓሚንን በር ዘግተው ቁርጥ ፓርኪንሰን የሚመስል ሕመም ያመጣሉ። ሴሎቹ አልሞቱምና ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲቀይር ብዙ ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይለቃል። እንዲህ ያለውን ታማሚ ፓርኪንሰን ብሎ ዕድሜ ልክ ሌቮዶፓ ማስያዝ ከባድ ስሕተት ነው።

ዋጋው ርካሽ የሆነው ትራይሄክሲፌኒዲል መንቀጥቀጡን ይቀንሳል፤ አዛውንቶችን ግን ያዘባርቃቸዋል፣ ይረሳሉ፣ የሌለ ነገር ያያሉ። ሌቮዶፓን የሚተካ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። በአዲስ አበባ በታማሚዎች ተነሳሽነት የቆመው የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት ኢትዮጵያ ዋና ጭንቀቱ ይኸው መድኃኒት እንዳይጠፋ ነው። ፋርማሲው «አልቋል» ሲል ታማሚው ሁለት ቀን ልታገሥ ማለት አይችልም። ለዓመታት ሲወስደው የቆየ ሰው በድንገት ቢያቋርጥ ሰውነቱ ይደርቃል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ ልቡናውን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው እሽግ ከመከፈቱ በፊት ቀጣዩ መገዛት አለበት፤ በቦንጋና በጅማ መካከል ያለው መንገድ በክረምት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ቤተሰብ ከዚያም ቀደም ብሎ ይገዛል።